ላም አለኝ በሰማይ፣ ሌንሷ የማይወልቅ

ገና ያልተሸጠ ካሜራ ምን ምን እንደሚጎድለው አውቆ ከወዲሁ የሚያዝን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2025 እኔ ቤት አንድ ነበረ። የልጅ ልጄ ነው። ጤናው የተሟላ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ጢሙን የሚያሳድግ ጎረምሳ። ከግንቦት ጀምሮ ሥራዬ ብሎ ከጃፓን የሚመጣ አንድ ትንሽ ካሜራ ይጠብቅ ነበር። አጠባበቁም እንደ ሰው ዝም ብሎ መጠበቅ አልነበረም። ቁርስ ላይ ያወራዋል፣ ቡና ላይ ያወራዋል። በፍልሰታ፣ ሰው ሱባኤ በገባበት ሰዓት፣ እሱ የካሜራ ሱባኤ ገባ። እናቱ "ምነው ብትጾም?" ስትለው "እየጾምኩ ነው እኮ፣ ገንዘብ እያጠራቀምኩ" ይላል። ምሳ ሲቀርብ ግን ከማንም ቀድሞ እጁን የሚታጠብ እሱ ነው።

ዕቃውን ላስተዋውቃችሁ፤ እኔ ሳልወድ በግድ ተዋውቄዋለሁና። ሪኮ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ጂአር ብሎ የሚጠራቸው የኪስ ካሜራዎች አሉት። የመጀመሪያው በፊልም የሚሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። በ2005 ዲጂታሉ ተከተለ፤ እየተሻሻለ መጥቶ ጂአር 3 የሚሉት በ2019 ለገበያ ቀረበ። በ2025 ግንቦት ላይ ደግሞ ኩባንያው "ጂአር 4 እየተሠራ ነው፣ በመጸው ይደርሳል" ብሎ አወጀ። የማን መጸው? የእኛ መስከረም 26 ይገባል፤ የጃፓኑን እንጃ። ልጁ ግን ቀኑ ሳይቆረጥ፣ ዋጋው ሳይነገር፣ ለካሜራው ማንገቻ ገዝቷል። ከቆዳ የተሠራ ጥሩ ማንገቻ ነው። አልጋው ራስጌ ካለው ሚስማር ላይ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ላም አለኝ በሰማይ ያሉት አባቶቻችን እንኳ ገመዱን ቀድመው አልገዙም።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ። የዚህ ካሜራ ሌንስ አይወልቅም፣ አይቀየርም፣ የራቀውንም አያቀርብም። ፍላሽ የለውም። ዓይን የሚደቀንበት ቀዳዳ የለውም። ስክሪኑ አይታጠፍም። "ታዲያ ይህን ሁሉ የሌለው ነገር ምኑ ነው የሚጠበቀው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "አባባ፣ ውበቱ እሱ ነው፤ ሰውን ከምርጫ ብዛት ይገላግላል" አለኝ። ደግ። በማጣት መክበርን ከመነኮሳት ሰምቼ ስለማውቅ ዝም አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ልጁ ልብ ገዛ ብዬ።

ሻዩ ሳይበርድ ግን ያው ልጅ ምኞቱን መደርደር ጀመረ። ፍላሹን ምነው በመለሱለት፤ ጂአር 2 ላይ ነበር፣ 3 ላይ አወጡት። ስክሪኑ ምነው በታጠፈ። ዝናብ ምነው በቻለ። ባትሪው ምነው በበረታ፤ የሦስተኛው ባትሪ 200 ፎቶ ገደማ አንስቶ ይደክማል አሉ። አቧራም ነገር አለ፤ ሌንሱ ሲከፈት ወጣ፣ ሲዘጋ ገባ ስለሚል አቧራ ስቦ ሆዱ ውስጥ ያስቀምጣል እያሉ ባለቤቶቹ ያማርራሉ። ሌንሱ ደግሞ አይወልቅምና ከፍቶ ማጽዳት የለም። ለእኛ ከተማ የተፈጠረ ዕቃ! ሁሉንም ደምሬ ሳየው፣ ልጁ የሚመኘው ካሜራ ትልቅ፣ ከባድ፣ ውድና ኪስ የማይገባ ነው። እንዲህ ያለውማ ድሮም አለ፤ ሱቁ ሞልቶታል፤ ማንም አይጠብቀውም።

ነገሬ ይህ ነው። እንደ ልጁ ያሉ ጠባቂዎች ዕቃውን የሚወዱት ስለሚጎድለው ነገር ነው፤ የሚጸልዩት ደግሞ ጉድለቱ እንዲሞላ። ጸሎታቸው ቢሰማ መጀመሪያ የሚያኮርፉት እነሱ ናቸው።

እኔ ጸጉሬ የሸበተው ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ካሜራዬ ያሺካ ማት ነበረች፤ ሁለት ዓይን ያላት፣ በላይኛው የሚታይባት፣ በታችኛው የሚነሳባት። ሌንሷ 80 ሚሊሜትር ነው፣ አይወልቅም፤ እንዲወልቅ የጠየቀም የለም። አንዱ ጥቅል ፊልም 12 ፎቶ ይሰጣል። ባትሪ አታውቅም። መዘውሯን ማዞር ነው፣ ፊልሙ ያልፋል፣ ለሚቀጥለው ትዘጋጃለች። ምስሉ የሚታየው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ስለሆነ ጀማሪ ሲይዛት "ትንሽ ወደ ቀኝ" እያለ ሙሽሮችን ከመጋረጃው ያስወጣቸው ነበር። ከላይ ወደ ታች ስለሚታይባትም ሰውን ለማንሳት አንገት መድፋት ግድ ነው። ባለሥልጣን ቢመጣ፣ ሊስትሮ ቢመጣ፣ እኩል ጎንበስ ብዬላቸው ነው ያነሳኋቸው። የዛሬ ልጅ ስልኩን ሰው ግንባር ላይ ይደቅናል፤ ይቅርታ እንኳ አይልም።

ሰርግ ላይ 12ቱ ካለቀ አለቀ። ሙሽሪት ቢላዋውን ኬኩ ላይ አድርጋ፣ ፈገግታዋን እንደያዘች፣ እኔ ፊልም እስክቀይር ትጠብቃለች። የሚጠበቀው ያኔ ፎቶ አንሺው ነበር። ዛሬ ፎቶ አንሺው ራሱ ጠባቂ ሆኗል።

ወደ አዲሱ እንመለስ። ልጁ ዝርዝሩን አማርኛ እያደረገ ሲያነብልኝ ካሜራው ሆዱ ውስጥ 53 ጊጋባይት ማስቀመጫ አለው አለኝ። ለምን 53? 50 ቢሆን ምን ይጎድል ነበር? ሦስቷ የቤቱ ምርቃት ናት መሰለኝ። ያም አልበቃ ብሎ ሚሞሪ ካርድ ይጨመርበታል፤ ያቺ ከጥፍር የማትበልጠው። ሺህ በሺህ ፎቶ ይይዛል ማለት ነው። አሁን ስልኩ ላይ ያሉትን ሺህ በሺህ ፎቶዎች ማን አያቸው? አንዱን አሳጥቦ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያውቃል? የእኛ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያሉት ሁሉ እኔ ያነሳኋቸው ናቸው፤ የእሱ ክርስትናም ጭምር።

ቀጠለ። አይኤስኦው፣ ለብርሃን ያለው ንቃት፣ 204 ሺህ 800 ይደርሳል። እኛ 100 እናውቃለን፣ 400 እናውቃለን። 400 ፊልም የያዘ ሰው ማታ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በጧፍ ብርሃን አነሳለሁ ብሎ ይኩራራ ነበር። 204 ሺህ ለምን ዓይነት ጨለማ ነው? እንጃ፤ እኛ ሰፈር መብራት የሄደ ለታ ይምጣና ይሞክረው።

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን በአምስት አቅጣጫ የእጅ መንቀጥቀጥን ይከላከላል ያለኝ ነው። የሦስተኛው በሦስት አቅጣጫ ብቻ ስለሚከላከል ልጁ ቅር ብሎት ነበር። እጁን አየሁት፤ ጠረጴዛ ላይ እንደ ተተከለ ነው። የሚንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነው፤ ሲኒ ከነማስቀመጫው የሚያንኳኳው። ታዲያ ካሜራው ለማን ተሠራ? ዝም ብዬ አሰብኩና ጃፓኖቹ ደንበኛቸውን እንደሚያውቁ ተረዳሁ። ለልጅ ልጅ የሚሸጡ ይመስላሉ እንጂ በልባቸው ያለው አያትየው ነው።

ሌላም የሚያወድሱት ነገር አለው። ርቀቱን አስቀድሞ፣ ለምሳሌ 2 ሜትር ላይ፣ ወስኖ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዚያ ቁልፏን እስከ መጨረሻ መጫን ነው፣ ሳያመነታ ያነሳል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ ብል አጋነንክ አትበሉኝ። ልጄ፣ እኛ እኮ የሠራነው እንዲህ ነው! ሌንሱን በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ እናቆመዋለን፣ ሰውዬው ሦስት እርምጃ ላይ ሲደርስ እንጫናለን። ስም አልነበረውም። ስም ያልሰጠነውን ነገር ስም ሰጥተው መልሰው ይሸጡልናል።

የነጠብጣቡ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህንን ስናገር ደም ግፊቴ ስለሚነሳ ባጭሩ ነው። ፊልም ሲታጠብ ሙቀቱ ከበዛ፣ ወይም ትንሽ ምስል በጣም ከተጎተተ፣ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይበዛል። አለቃዬ ያንን ሲያይ ወረቀቱን ቀዶ ፊቴ ላይ ይበትነው ነበር። ዕድሜ ልኬን ከዚያ ነጠብጣብ ጋር ስዋጋ ኖርኩ። አሁን የፉጂፊልም ካሜራዎች ላይ ነጠብጣቡን ሆን ብሎ የሚጨምር ምርጫ አለ፤ ደካማና ጠንካራ ተብሎ ተከፍሎ! ሪኮም ቢሆን በ2024 የብርሃኑን ጠርዝ የሚያደበዝዝ ማጣሪያ የተገጠመለት ጂአር 3 አውጥቷል። እኛ መስታወት ላይ ቫዝሊን እንቀባ ነበር። ለወይዘሮዎች። በነጻ።

"ምነው እንዲህ ትጠብቃለህ፣ ጂአር 3ን አትገዛም?" ብለው "አሮጌ ነው" አለኝ። በ2019 የወጣ አሮጌ ከሆነ እኔ ምን ልባል ነው? ደግሞ እዩልኝ፤ ያንን ካሜራ የሚያሞግሰው በስምንት አሥረኛ ሴኮንድ ተነስቶ ለማንሳት ይዘጋጃል ብሎ ነው። ቅጽበት እንዳታመልጥ! ለስምንት አሥረኛ ሴኮንድ የሚሳሳ ሰው ለተከታዩ ስድስት ዓመት ይቀመጣል።

እንዲህ ያለ ጠባቂ እሱ ብቻ አይደለም፤ ዓለም ሞልቶታል። ሶኒ አርኤክስ 1 አር 2 የሚባል፣ ሌንሱ የማይወልቅ ካሜራ በ2015 አውጥቶ ዝም አለ። ሰዎች አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተከታዩን ጠበቁ። በ2025 ሐምሌ ላይ ሦስተኛው ወጣላቸው፤ 61 ሜጋፒክስል፣ 5 ሺህ ዶላር ከፍ ያለ ዋጋ። ሌንሱ ያው የድሮው። ሁለተኛው ላይ ይታጠፍ የነበረው ስክሪን ግን አሁን አይታጠፍም። አሥር ዓመት ጠብቀው የነበራቸውን ተቀሙ! ልጁ ዜናውን ሲነግረኝ ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ነበር፤ "እግዜር ያጽናቸው" አልኩ። ምን ይባላል ሌላ?

ለነገሩ ይህ ልጅ ሲጠብቅ የመጀመሪያው አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2016 የሚጠብቀው የፉጂፊልም ኤክስ 100 ወገን ስድስተኛውን ነበር። እሱም ሌንሱ አይወልቅም። ኩባንያው ቶኪዮ ላይ ይፋ ያደረገው የካቲት 12 ቀን ነው፤ ልብ በሉ፣ እኛ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን የምናኖርበት ቀን። እኔ ጋቢዬን ለብሼ ከቤት ስወጣ እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ስልኩ ላይ አፍጦ "40 ሜጋፒክስል!" ይላል። ስመለስም እዚያው ነው። ዋጋው 1,599 ዶላር ተባለ፤ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ዕቃው ጠፍቶ በየአገሩ ወራት ወረፋ ያዘ። ገንዘብ የሌለው ልጅም ወረፋ ያዘ፤ በሐሳብ።

በዚያው ዓመት ፒያሳ ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያ፣ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች፣ እኔ ጸጉሬን የጣልኩበት ፎቶ ቤት የነበረበት መስመር። ልጁን "ኧረ ተነስ፣ ሳይፈርስ አንሳው፣ እዚያ በር ላይ ነው ከአያትህ ጋር የተዋወቅነው" አልኩት። "አባባ፣ በስልክ ባነሳው ይቆጨኛል፤ ካሜራው ይምጣ" አለኝ። ካሜራው ሳይመጣ ሰፈሩ ሄደ። እኔ ራሴ በልጄ ስልክ ሄጄ አነሳሁ፤ ጣቴ ሁለቱ ላይ ገብቷል፣ በሩ ግን ይታያል። ፎቶ አንሺው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክን ቤተ መንግሥት ሰዎች አንስቶ ትቶልናል፤ በምን ሞዴል ካሜራ አነሳቸው ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ልጁ ተከራክሮ የሚያሸንፈኝ ሲመስለው አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ይጠቅሳል። ዳይዶ ሞሪያማ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የተወለደ፣ ከእኔ የሚበልጥ፣ በጂአር ካሜራ የቶኪዮን ጎዳና ሲያነሳ የኖረ። ሰውየውን አከብራለሁ። በዚያ ዕድሜ እግር ካለው ሰው ጋር ጠብ የለኝም። ልጁ ፎቶዎቹን አሳየኝ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ነጠብጣብ የሞላባቸው (አለቃዬ ቢያይ!)፣ ግን ጉልበት ያላቸው። ከሁሉ የታወቀው ሚሳዋ በሚባል ከተማ ያነሳው ባለቤት አልባ ውሻ ነው። ውሻው ዞር ብሎ ከጥርጣሬ ጋር ያያችኋል።

"መቼ ነው የተነሳው?" አልኩት።

"በ1971።"

"የመጀመሪያው ጂአር መቼ ወጣ አልከኝ?"

ዝም አለ። 1996 ነው። ውሻው ካሜራውን 25 ዓመት ቀድሞታል። ሞሪያማ ጂአር እስኪሠራ ልጠብቅ ቢል ኖሮ ውሻው አርጅቶ፣ ሞቶ፣ የልጅ ልጆቹም ሞተው ነበር። "ባለቤት አልባ ውሻ እንደሆነ" አልኩት "በራችን ላይ ስንት ያድራል? ሌሊት እንቅልፍ የነሱን እነማን ናቸው? ውጣና አንሳ!" መስኮቱን ከፍቼ አሳየሁት። አንዱ፣ ጆሮው የተቆረጠው፣ ቆሻሻ ገንዳው ሥር ተጋድሞ ነበር፤ ልክ እንደ ጃፓኑ ዞር ብሎ አየን። ልጁ ትክ ብሎ አየውና "ብርሃኑ ጥሩ አይደለም" አለኝ። 204 ሺህ 800 የሚጠብቅ ሰው!

የማይወልቅ ሌንስ ጥቅሙ እኮ ይገባኛል። ከማንም በላይ ይገባኛል። የጂአር ሌንስ ሰፋ አድርጎ የሚያይ፣ በድሮው አነጋገር 28 ሚሊሜትር ነው፤ ሰው ከሩቅ በድብቅ አይነሳበትም። የሰው ፊት ከፈለግህ መቅረብ አለብህ። መቅረብ ደግሞ በእኛ አገር ዋዛ አይደለም። ሰላም ማለት አለ፣ "የማን ልጅ ነህ?" አለ፣ "ለምንድነው የምታነሳኝ?" አለ፣ ቀናህ ከተባለም አንድ ሲኒ ቡና አለ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እግርና አፍ ነው፤ ሁለቱም ለልጁ ተሰጥተውታል፤ ማሻሻያ አይጠብቁም። እሱ ግን ጎረቤታችን ማን እንደሆነ ሳያውቅ ኦሳካ ያለ ሱቅ ስንት ሰዓት እንደሚከፍት ያውቃል።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ለእንቁጣጣሽ የቤተሰብ ፎቶ እንነሳ አለች። የሐበሻ ቀሚሷን አውጥታ አየር ላይ አስጥታዋለች። ልጁ ምን ቢላት ጥሩ ነው? "እማማ፣ ትንሽ ብንታገስ፤ አዲሱ ሊደርስ ነው።" እሷ እንደ እኔ አትቆጣም። ቀሚሷን እያጣጠፈች "እሺ የኔ ጌታ" አለችው፣ "ብቻ እኔ እንደሆንኩ ጂአር 5ን አልጠብቅም።" ጂአር 5 የሚል ቃል እሷ አፍ ውስጥ እንዴት እንደገባ እግዜር ይወቅ። ቤቱ በሙሉ ተበክሏል።

አሁን የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። የአዲሱ ዋጋ ያኔ ገና አልተነገረም ነበር። ጂአር 3 ሲወጣ 900 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ርካሽ የሆነ ነገር ካወቃችሁ ንገሩኝ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጄ፣ አክስቱ፣ ለዓመት በዓል ስትመጣ ይዛ ትምጣልኝ ብሎ ጠይቋት ነበር፤ ካሜራው ሳይወጣ እሷ ልትመጣ ሆነ። የገንዘቡን ግማሽ ትችላለች፤ ግማሹ ጎደለ። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ከእኔ ላይ ተነስቶ ቡፌው አናት ላይ ወዳለችው ያሺካ ሄደ።

"አባባ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ውጭ አገር ወጣቶች እነዚህን ካሜራዎች እየፈለጉ ይገዛሉ፤ ያውቃሉ?"

ከተቀመጥኩበት እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ይቺ ካሜራ ስንት ሰው ድራለች! ስንቱን ተመራቂ፣ ስንቱን ወታደር፣ ስንቱን ለአሜሪካ የሄደ ሰው ጉርድ ፎቶ አውጥታለች! አሁን እሷ ተሸጣ፣ ሌንሱ የማይወልቅ፣ ነጠብጣብ የሚጨምር፣ በሦስት እርምጃ የሚያነሳ ካሜራ ይገዛባት? ይህንን ሁሉ አልኩ። ባለቤቴ ከጓዳ "ኧረ ሽጡት፣ ከአቧራ በቀር ምን ይሰበስባል!" አለች። ማንም ከጎኔ እንዳልቆመ ገባኝ። ተቀመጥኩ። ለማንኛውም መጠየቅ ነውር የለውም።

"ስንት ያወጣል አልከኝ?"

"እንደ ይዞታዋ ነው አባባ። ገዢዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ፎቶዋን ነው። ሌንሷ ሻጋታ እንዳልያዘው፣ መዘውሯ እንደሚሠራ፣ ጥርት ብሎ የሚያሳይ ፎቶ።"

"ታዲያ አንሳታ! ምን ትጠብቃለህ?"

ያሺካዋን አየ፤ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

"በስልክማ ጥሩ አትወጣም። አዲሱ ይድረስና በእሱ አነሳታለሁ።"